የቆመ ማኪና ትኩሳት

አቶ ዘመንፈስቅዱስ የሞቱት በገዛ ማኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ደረታቸውን ይዘው «አየር አጠረኝ» አሉ፤ የሚስታቸው የወንድም ልጅ ኪብሮን ደግፎ አስገባቸውና ወደ ሆስፒታል ነዳ። ሜዳው ላይ ማኪናዋ እየከበዳትም ቢሆን ሄደች። የቀጨኔን ዳገት ስትጀምር ግን ጮኸች እንጂ አልወጣችም። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ የወጡ ሰዎች ገፍተው ጫፍ ሲያደርሷት የሳቸው ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

አስቻለች የተጠራችው ዓርብ፣ በሠልስቱ ጠዋት ነው። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቆርቆሮ ቤት የማኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። መካኒኮቹ ፊት ለፊት «እህታችን» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ምላሷ ከፒንሳዋ ይብሳል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

የሟቹ ቤት ስትደርስ ባለቤታቸው እትዬ እፀገነት ወደ ድንኳኑ ጓሮ ሳቧት።

«አስቹ፣ የባለቤቴ ወንድም አድነው ጸሎቱ እንዳለቀ ኪብሮንን ፖሊስ ጣቢያ እወስደዋለሁ ብሏል። ሆን ብሎ ነው ያዘገየው ይላል። ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ግን… በቃ፣ እኔም ጥርጣሬ ገባኝ። ማኪናዋን እዪና ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ቁርጡ ባይጥምዎትስ?»

«ልጄን በጥርጣሬ ዓይን ከማይ ይሻላል።»

አድነው ሰፈሩ ውስጥ ጎሚስታ አለው፤ ማኪናዋም የምታድረው በሱ ግቢ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው ቆማለች።

«ቁልፉ እርሶ ጋ ነው የሚቀመጠው?» አለችው አስቻለች ግቢው እንደደረሰች።

«እኔ ጋ ነው። ምነው፣ እኔን ልትጠረጥሪ ነው?»

«ቁልፍ ያለውን ሁሉ እጠረጥራለሁ፣ አይቆጡ።»

«እኔ ጎማ እንጂ ካምቢዮ አላውቅም! ካምቢዮው ማለቁን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መካኒኩ በድሉ ወንድሜን ‹ማርሽ አይቀይርልህም፣ ሽጣት› እያለ ሲለምነው ነበር። ይሄ ልጅ ይህን እያወቀ ነው ዳገቱን የመረጠው። በታች በኩል መዞር ሲችል!»

ኪብሮን ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ቀን አልተላጨም፣ አልበላምም።

«ለምን በዳገቱ ሄድክ?»

«አጭሩ እሱ ነዋ! አየር አጠረኝ እያሉኝ ሰፈር ላዙራቸው?»

«ማኪናዋ መታመሟን አላወቅክም?»

«ማክሰኞ ነው ከጋሽ በድሉ ጋራዥ ያመጣኋት። ‹እስክትሸጥ ትሠራለች፣ አታስብ› አሉኝ።»

«ዳገቱ ላይ ምን አደረገች?»

«ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቸነከረች። አንደኛ አልገባም አለች። እኔ… ብወርድና ብገፋ ማን ይይዛታል? አክስቴ እንኳ ዓይኔን አታየኝም አስቹ።»

ይሄን ጊዜ ጋሽ በድሉ ራሳቸው መጡ። የሟች የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሬሳውን ተሸክመዋል፣ ከረቡዕ ጀምሮም ከለቅሶው ቤት አልተለዩም። አስቻለችን ደግሞ ከባዶ ጀምሮ ሙያ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማንም ጋራዥ ሴት አላስገባም ሲላት ቱታ ያለበሷት፣ አባቷ ሲሞቱ «እኔ አለሁልሽ» ያሏት።

«አስቹዬ፣ በከንቱ አትልፊ። ካምቢዮው ነው። ፈትቼ አይቼዋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢላት ትስቅበት ነበር። እሳቸው ስላሉ ግን ቦርሳዋን ልትዘጋ ምንም አልቀራት። ያቆማት እትዬ እፀገነት በር ላይ ቆመው መጠበቃቸው ነው።

«ለወጉ ያህል ልያት፣ ጋሼ።»

ጋሽ በድሉ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። አስቻለች ከማኪናዋ ሥር ተንጋለለች። የካምቢዮው ብሎኖች ላይ የወራት ጭቃ ደርቋል፤ ቁልፍ የነካቸው አይመስሉም። ተነስታ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘች። ዘይቱ ቀይና ንጹሕ ነው፤ የመቃጠል ሽታም የለውም። ካምቢዮው ያለቀ ማኪና እንዲህ አይሸትም።

ከዚያ የመመርመሪያ ኮምፒውተሯን ሰካችና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞረች። የውጪው አየር አሥራ አራት ዲግሪ። የሞተሩ ውሃ አሥራ አራት። የካምቢዮው ዘይት መቶ ሠላሳ ስምንት!

«ሁለት ሌሊት የቆመች ማኪና ናት» አለች። «ትኩሳቱ ከየት መጣባት?»

«ምን ማለት ነው?» ኪብሮን ተነሳ።

«ማኪናዋ ማርሽ የሚቀይርላት የራሷ ኮምፒውተር አላት፤ የዘይቱን ሙቀት የሚነግረው ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ ዘይቱ የፈላ ሲመስለው ካምቢዮው እንዳይቃጠል ብሎ ማርሹን ሦስተኛ ላይ ይቆልፈዋል። ሜዳ ላይ እየተጎተትክ ትሄዳለህ። ዳገት ላይ አለቀልህ።»

«እና ሴንሰሩ ነው የተበላሸው?»

«ይጠየቅ እንጂ፣ ዝም ብሎ ይፈረድበታል እንዴ?»

የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለችው። ሲነቀል ቁጥሩ ከዜሮ በታች መውረድ ነበረበት። ንቅንቅ አላለም፤ አሁንም መቶ ሠላሳ ስምንት። ሴንሰሩን ብቻውን ለካችው፤ ጤነኛ ነው።

«አፉን ዘግቼበት እንኳ ይቀባጥራል? እንግዲህ የሚዋሸው እሱ አይደለም፤ መንገድ ላይ ሌላ አለ።»

ሽቦውን በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለችው። ከባትሪው ሥር ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው በመሃላቸው የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ የኮረንቲ መጠን የምትቀንስ ሬዚስታንስ ተቀጥላ አገኘች። ላይዋ ላይ በጥንቃቄ የተጠመጠመ ክር አለ። አስቻለች ክሩን አየችው፤ ጠጋ ብላም አሸተተችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኮፈኑን ዘግታ፣ «ካምቢዮው ነው» ብላ ወደ ቤቷ መሄድ አማራት። ኪብሮን ግን ከራሷ በላይ ቆሞ አፍ አፏን ያያል።

ጸሎቱ ሲያበቃ ቤተ ዘመዱ ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ነው። አስቻለች መሃል ቆማ የቆረጠችውን ሽቦ ከፍ አደረገች።

«ማኪናዋ አልታመመችም፤ ታማለች ተብሎ ተዋሸባት። ይቺ ትንሽ ነገር ዘይቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፈልቷል ብላ ለኮምፒውተሩ ታወራለች። ዳገቱ ላይ ኪብሮን ሳይሆን ማንም ቢነዳት አትወጣም ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው ያስገባት?» አለ አድነው።

«እርሶ ቁልፍ አለዎት። ግን የሱቅዎ አምፖል ሲቃጠል እንኳ የሚጠሩት እኔን ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። «ኪብሮንም ቢሆን ሞተር ማስነሳት እንጂ ሽቦ አያውቅም። ይህን የሠራ ስንት ሬዚስታንስ ስንት ዲግሪ እንደሚያሳይ ያውቃል። ማሰሪያውን ደግሞ እዩት፤ ቴፕ አይደለም። የሸማኔ ክር ነው፣ በጧፍ ሰም የታሸ፤ ሙቀት አይልጠውም። እንዲህ የሚያስሩ እኔ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጋሽ በድሉ፣ ሌላዋ እኔ።»

አስቻለች ዓይኗን መምህሯ ላይ ተከለች። ይክዳሉ ወይም ያለቅሳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ ናት ብዬ ልሸፍንላት ነበር» አሉ። «እንግዲህ ራሷ ተናገረች። የሷ ሥራ ነው። እኔ በገዛ ጓደኛዬ ላይ እንዲህ ላደርግ?»

ሬዚስታንሷን ስታገኝ ያመማት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ እትዬ እፀገነትም ጭምር።

አስቻለች ከቦርሳዋ ክርና ሰም አወጣች፣ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዛ እዚያው አስራ ለአድነው ሰጠችው።

«ሁለቱን ያስተያዩ።»

አድነው መነጽሩን አደረገ። «ያው ነው… እ… ቆይ፣ ቆይ። ያንቺ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ይሄኛው ወደ ግራ።»

«ፊት ለፊታቸው ቆሜ እያየሁ ስለተማርኩ ተገልብጦብኝ ቀረ። ‹አንቺ መስታወት› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሞክሬ ማቃናት አልቻልኩም። የእርሶ ወደ ግራ ነው ጋሼ። ካምቢዮውን ፈታሁት ያሉትም ውሸት ነው፤ ብሎኖቹ ጭቃቸውን እንደያዙ ናቸው።»

ጋሽ በድሉ ተመልሰው ተቀመጡ። የተቀመጡ ሳይሆን የወደቁ ይመስላል።

«ለኔ ሽጥልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት» አሉ። «እምቢ አለኝ። አልቃለች ካልኩት ይሰለቻትና ይለቅልኛል ብዬ… ይታመማል ብዬ መች አሰብኩ? እፀገነት፣ መች አሰብኩ?»

«ትናንት በርዶሃል ብዬ» አሉ እትዬ እፀገነት፣ ድምፃቸው ሳይጮህ፣ «የሱን ጋቢ አልብሼሃለሁ።»

ጋሽ በድሉ ጋቢውን ከትከሻቸው አውልቀው የሚያስቀምጡበት አጡ። የሚቀበላቸው የለም።

አድነው «ኪብሮን፣ እኔ… ማለቴ…» ብሎ አልጨረሰውም። ኪብሮን እየሰማው አልነበረም።

«አስቹ» አለ፣ «ብትወጣ ኖሮ ይድኑ ነበር?»

«አላውቅም፣ ኪብሮንዬ። እኔ የማውቀው ማኪና ነው።»

እትዬ እፀገነት እጁን ስበው ከጎናቸው፣ ከቤተሰቡ ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። እዚያ ሲቀመጥ ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ነው ያለቀሰው።

አድነውና ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ በድሉን ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወጡ፤ አስቻለችም ቃሏን ልትሰጥ ተከተለች። የግቢው በር ላይ ጋሽ በድሉ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ካስቀመጡበት አነሱና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምሯት እንድትሸከምላቸው እንደለመዱት፣ ሳያስቡት ወደ እሷ ዘረጉት።

አስቻለች ሁለት እጇን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና በአጠገባቸው አለፈች።