ሳጥን ውስጥ ያረጀው ጎማ

ዌንዴል ጋራዡ ውስጥ ተንበርክኮ ሲሠራ ሚስቱ ከኩሽና፣ "ዘንድሮስ አልረሳህም!" ብላ ስትጮህ ሰማ። ምኑን እንዳልረሳ አልገባውም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲገባ ሎርና በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለውን ሳጥን ፈትታ ክዳኑን ልትከፍት ነበር።

"ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ሳጥኑ እንዳይቀደድ!"

ሎርና ፈገግታዋ ሳይጠፋ ወደ ውስጥ አየች። የሰሃን ያህል ስፋት ያለው፣ ቅባት የተቀባ ጥቁር የብረት ክብ ነበር። 

"ቆንጆ ነው። አንገቴ ላይ ነው የማስረው ወይስ ጣቴ ላይ?" አለችው።

ዌንዴል ቀኑ የገባው ያኔ ነው። ሰኔ አምስት፤ የተጋቡበት አርባ አንደኛ ዓመት። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ሎርና፣ እኔ እኮ..."

"ተወው። እስከ ዛሬ ክብደት ያለው ነገር ሰጥተኸኝ አታውቅም ነበር፤ ይኸው ሰጠኸኝ።" ሳጥኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ እንቁላሏን ልትጠብስ ዞረች።

ብረቱ የመጣው ዌንዴል ጋራዡ ውስጥ ለሚያድሳት መኪና ነው። መኪናዋ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቀይ የ1967 ሞዴል ስትሆን የዌንዴል ታላቅ ወንድም የራስል ነበረች። ራስል ሲሞት ዌንዴል በሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች አደርጋታለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ይህን ካለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

እነሱ ባሉበት የኢንዲያና አውራጃ ያለው የአሮጌ መኪኖች ክለብም የሚያከብረው ይህንኑ ነው። ዳኞቹ በባትሪ መብራት የየቡሎኑን ጭንቅላት ያያሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ከስልሳ ዓመት በፊት ቸኩሎ ያንጠባጠበው ቀለም ሳይቀር እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ከመቶ ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ ያገኘ የወርቅ ሜዳሊያ ይሸለማል። ዌንዴል ያለፈው ዓመት ያገኘው ዘጠና ሰባት ነው።

ዘንድሮ የቀረው ባላንሰሩ ብቻ ነበር። ባላንሰር ከሞተሩ ፊት፣ በዋናው ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ብረት ነው። መሃሉ እምብርት፣ ዳሩ ከባድ ቀለበት ሲሆን ሁለቱን አጣብቆ የያዛቸው ስስ ጎማ ነው። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ነዳጅ በተቀጣጠለ ቁጥር ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ያንን ንዝረት የሚያበርደው ጎማው ነው። የራስል መኪና ባላንሰር ጎማው ተሰነጣጥቆ ቀለበቱ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ዌንዴል ስድስት ወር ሙሉ ምትክ ፈልጎ፣ በመጨረሻ ሚዙሪ ውስጥ ከአንድ የተዘጋ መለዋወጫ ሱቅ ጣሪያ ሥር የተገኘውን ገዛ። የፋብሪካው ማህተም አለው፤ ከሳጥኑም ወጥቶ አያውቅም።

እሑድ ምሳ ላይ ልጃቸው ኮሊን መጣች። ኮሊን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ስትሆን ሥራዋ ሞተር ማደስ ነው፤ ብዙ አትናገርም። የክለቡ ዋና ዳኛ ቬርነንም ሎርና በሩባርብ፣ ጎምዘዝ ባለ አትክልት፣ ሞልታ የምትጋግረውን ፓይ ሊበላ ተጋብዞ ነበር። ዌንዴል ባላንሰሩን አምጥቶ ከሰላጣው ጎን አስቀመጠው።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለች ኮሊን።

"አዲስ ነው።"

"አባዬ፣ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሃምሳ ሰባት። ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራም።"

ኮሊን የአውራ ጣቷን ጥፍር ጎማው ላይ ተጫነች። ጥፍሯ አልሰመጠም። "ድንጋይ ሆኗል" አለች።

"ከሳጥን ያልወጣ ዕቃ እንዴት ያረጃል?" አለ ቬርነን ሹካውን እየላሰ። "እኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ያውም ስሠራ ኖሬ። ድንጋይ ሆኛለሁ?"

"ከአንገትህ በላይስ ሆነሃል" አለች ሎርና።

ቬርነን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። ኮሊን ግን አልሳቀችም። "ጋሽ ቬርነን፣ ጎማ የሚያረጀው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ነው። ሳጥን ማቀዝቀዣ አይደለም። የዚያን ዘመን ጎማ ከመጋዘን አውጥቼ መኪናዎ ላይ ብገጥምልዎት በአውራ ጎዳና ይነዱታል?"

"ያ የእግር ጎማ ነው፣ ልጄ።"

"ይሄኛው ከእግሩ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው የሚዞረው።" ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "የራስልን አሮጌውን ወደሚያድሱት ሰዎች ልከን ጎማው እንደገና ይሞላ። ቁጥሩም ማህተሙም አይነካም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አምስት ሳምንት።"

"ውድድሩ እኮ የዛሬ አሥራ ሦስት ቀን ነው!"

"እንግዲያው ዘንድሮ የተሠራ ግዛ። በሁለት ቀን ይደርሳል። ስፋቱ፣ የሚዛን ክብደቱና የማቀጣጠያ ምልክቱ ቦታ ከሞተሩ ጋር መግጠም አለበት፤ እሱን እኔ አጣራልሃለሁ። በከፍተኛ ፍጥነት ተፈትኖ የወጣ መሆኑንም አያለሁ።"

ዌንዴል ቬርነንን አየው። ቬርነን ትከሻውን ሰበቀ። "ማህተም ከሌለው ሁለት ነጥብ ይቀነሳል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም" አለ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ "እሺ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ግን ደንብ ደንብ ነው።"

"ሞተሩ የሚነሳው ለሃያ ደቂቃ ነው፣ ኮሊን። እሽቅድምድም አልገባ" አለ ዌንዴል።

"እኔ ይሄንን አልገጥመውም" አለች ኮሊን ቀስ ብላ። ሳህኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባላንሰሩ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ዌንዴል ራሱ ገጠመው።

ከውድድሩ በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ወደ ግቢው አውጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ተመችቷት እንደምታንኮራፋ ድመት ለስላሳ ነበር። ሎርና በረዶ የገባበት ሻይ በብርጭቆ ይዛ መጣች።

"ነይ፣ ጎንበስ ብለሽ ስሚው! ራስል ይሄን ቢሰማ!" አላት ከመሪው ኋላ ሆኖ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

ሎርና ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሰማች። ከዚያ ብርጭቆው እጇን ስላቀዘቀዘው አጥሩ ላይ ልታስቀምጠው ሁለት እርምጃ ዞር አለች። ዌንዴል ነዳጅ መስጫውን ረገጠ።

ከፊት በኩል መዶሻ ቆርቆሮ ላይ የወደቀ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀለበቱ ከእምብርቱ ተላቆ ቺንጋውን በጠሰ፤ ራዲያተሩን ቀደደና ሽቅብ ተወንጭፎ የተከፈተውን ኮፈን በስቶ ወጣ። የፈላው ውሃ ወደ ጎን ተረጨ። ሎርና አንድ ጊዜ ጮኸች።

ዌንዴል ከመኪናዋ እንዴት ወርዶ እንደሮጠ አያስታውስም። የሚያስታውሰው የሚስቱን ክንድ፣ ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ እንደ ቲማቲም የቀላውን ቆዳ ነው። ኮፈኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያየው በኋላ ነው። ቀዳዳው ፊቷ ከነበረበት ቦታ ቀጥ ብሎ ከላይ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ የሎርናን ክንድ አጥባ በፋሻ ጠቀለለችና ቃጠሎው እንደሚድን፣ ጠባሳው ግን እንደሚቀር ነገረቻቸው። ብቻቸውን ሲቀሩ ዌንዴል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያይ ነበር።

"መኪናዋስ?" አለች ሎርና።

"እንጃ።"

"ብዙ ተበላሸች?"

"ስለ መኪና አትጠይቂኝ፣ ሎርና።" ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። "ልጅቷ ነግራኝ ነበር። በጥፍሯ ነክታ አሳይታኝ ነበር። እኔ ግን ሁለት ነጥብ ነበር የማየው። ለራስል ስል..."

"ለራስል?" ሎርና በደህና እጇ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። "ራስል እኮ የጭስ ማውጫውን በሽቦ አስሮ ሲነዳት የኖረ ሰው ነው። ማህተም የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር። ሰው ጭኖ ሐይቅ ዳር ሊሄድባት ነው የገዛት። አንተ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አልጫንክባትም።"



በማግሥቱ የአውራጃው ሜዳ ላይ ለዌንዴል የተሰጠው ቁጥር አርባ ሁለት ቦታ ያለ መኪና ቀረ። ዌንዴል እዚያው ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቀለበቱን፣ እምብርቱን፣ የተበጠሰውን ቺንጋና ያንን ምርጥ ሳጥን ደርድሮ ቆመ። ሰዎች የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቻቸውን እየበሉ መጥተው፣ "መኪናህስ የት አለች?" ሲሉት የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። የልጁን የኮሊንን ምክር እንዳልሰማም አልደበቀም።

ቬርነን ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ እየተጣደፈ መጣ። "ዌንዴል፣ ምንድን ነው ይሄ? ሰው ታስፈራለህ እኮ!"

"ለማስፈራት ነው የመጣሁት። ዛሬ ስንት ኮፈን ታስከፍታለህ? ሰባ? ሞተር አስነስተህ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ታደርጋለህ። ከሰባው ውስጥ የስንቱ ጎማ ድንጋይ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"እኔ ምን ላድርግ? ደንቡ..."

"ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።"

ቬርነን ቀለበቱን አነሳና ኮሊን እንዳደረገችው ጥፍሩን ጎማው ላይ ተጫነ። ጎማው ተፈርፍሮ መዳፉ ላይ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየው።

"ሎርና እንዴት ናት?" አለ በዝግታ።

"ክንዷ ተቃጥሏል። ሁለት እርምጃ ዞር ባትል ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አታገኘኝም ነበር።"

የአባቶቻችንን ዕቃ መጠበቅ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዓይን የሚያየውን እናጸዳለን፣ እንቀባለን፣ እናሳያለን፤ ዓይን የማያየውንና የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር ደግሞ "እስካሁን ምን ሆነ?" እያልን እናሳድረዋለን። ያልተነካ ዕቃ ሁሉ አዲስ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሲነግረን ደግሞ፣ የገዛ ልጃችን ብትሆንም፣ መስማት አለብን።

ቬርነን ያን ቀን ዳኝነቱን አላቋረጠም፤ ሞተሮቹ ግን እንዲነሱ አላዘዘም። ኮሊን ከሎርና ጋር ሆና ለሞተሩ የሚገጥመውን ባላንሰር መርጣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ገጠመችው፤ ዌንዴል መብራት ያዘላት። በመስከረሙ ስብሰባ ክለቡ ደንቡን ለወጠ፤ ባላንሰሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና የእግር ጎማውን በአዲስ የቀየረ ሰው ነጥብ አይቀነስበትም። በረዶ ከመውደቁ በፊት አሥራ አራት አባላት ባላንሰራቸውን ቀየሩ፤ የመጀመሪያው ቬርነን ነበር።