ያልመሸው ቅዳሜ

ስጦታው ወይንእሸትን ሰባ ሦስት ጊዜ ተዋውቋታል። ይህን ያጫወተኝ እሱ ራሱ ነው። ቢቸና አብረን ስለተማርን አውቀዋለሁ፤ ከአፉ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው፤ ወሬ ፈጥሮ የሚያወራ ሰው አይደለም።

ከጉንደ ወይን አለፍ ብሎ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት የድንጋይ ድልድይ አለች። በጦርነቱ ጊዜ ስጦታውና ስድስት ጓዶቹ እሷን እንዲጠብቁ ታዘዙ። አለቃቸው አስር አለቃ እንዳለው ይባላል። አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከማዶው ኮረብታ ተኩስ ተከፈተ። ሰባቱም ሞቱ።

ከዚያም ነቁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ያው ጤዛ፣ ከገብሱ ማሳ የምትጮኸው ያችው ቆቅ። ስጦታው ደረቱን ዳበሰ፤ ደም የለም። ስልኩን አየ፤ ቅዳሜ ይላል።

«ሞተን አልነበር እንዴ?» አለ እንዳለው እያማተበ።

ሁሉም ሞታቸውን ያስታውሱ ነበር።

በማግስቱም ቅዳሜ ሆነ። ምሽጉን አጠለቁት፤ ሞቱ። ቀድመው ተኮሱ፤ ሞቱ። ጥለው ሸሹ፤ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ዓይናቸው ጨለመና ጠዋት እዚያው ነቁ። «የማያልፍ ቀን የለም» ይባል የለ? ይኸው የማያልፍ ቀን መጣ!

በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከቢቸና የሚመጣ ሚኒባስ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ጎማው ይተነፍሳል። ይታያል የሚባለው ሾፌር ጎማ እስኪቀይር ተሳፋሪው ይወርዳል። ከነሱ መካከል ወይንእሸት አለች፤ ለሞጣ የክትባት ሳጥን የምታደርስ ነርስ ናት። ሳጥኑን ታቅፋ ከግራሩ ሥር ትቀመጥና ቀና ብላ ታየዋለች።

«ስምህን ማን ልበል?»

«ስጦታው።»

«አይ! ስጦታ ሆኖ ጠመንጃ ይዞ!» ትልና ትስቃለች። ከቀኝ ኪሷ ቆሎ ዘግና እጁ ላይ ታደርግለታለች።

ቆሎውን ግማሹን በልቶ ግማሹን ኪሱ ይከተዋል። ጠዋት ሲነቃ ኪሱ ባዶ ነው።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ በየቀኑ ስለ እሷ አንድ ነገር ይማራል። አባቷ ቄስ አካለ ወልድ እንደሆኑ፣ ነጎድጓድ እንደምትፈራ፣ ስታስብ ጥፍሯን እንደምትነክስ። ሳቋን ግን ሊለምደው አልቻለም። አንድ ቀን መቶ ጊዜ ቢመላለስ እሷ አዲስ ሆና ነው የምትወርደው። ሰው እንዲህ የማያልቅ ነገር ነው እንዴ? ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ መኪናው ይሸኛታል፤ እሱ ለሞቱ ይመለሳል። ሞቱን ለምዶታል። ያንገበገበው ለእሷ ሁልጊዜ እንግዳ መሆኑ ነበር።

በሰባ ሦስተኛው ቅዳሜ አላስቻለውም።

«ወይንእሸት» አላት፣ ገና ሳትቀመጥ። «የቄስ አካለ ወልድ ልጅ ነሽ። ነጎድጓድ ትፈሪያለሽ። ቀኝ ኪስሽ ውስጥ ቆሎ አለ።»

ሳጥኑን አጥብቃ አቀፈች። «ማን ነው የላከህ?»

ሁሉንም ነገራት። አልሳቀችም። ጥፍሯን ነከሰች።

«ስንት ጊዜ ሞትክ?»

«ሰባ ሁለት።»

«የማዶዎቹስ?»

«እነሱ ምን ይሆናሉ?»

«እነሱም እንዳንተ ቢሆኑስ? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?»

ሰባ ሁለት ቀን ሙሉ መጠየቅ የሚባል ነገር ለአንዳቸውም ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ሾፌሩ ጎማውን ጨርሶ ሲጣራ ወይንእሸት ሳጥኑን ለእሱ ሰጠችው። «አንተ አድርስልኝ፣ እኔ እቆያለሁ።»

«ሂጂ፣ በማርያም!» አላት ስጦታው። «እኔ ብሞት ጠዋት እነሳለሁ። አንቺ ግን ከሞትሽ መነሳትሽን አላውቅም።»

«እናቴ ስንት ዱላ የተማዘዘ ገላግላለች። ዞር በልልኝ።»

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድልድዩ መካከል ቆመች። ስጦታው ጠመንጃውን ጥሎ ተከትሏት ነበር።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። «በሕግ አምላክ፣ ቁሙ!»

እኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የተነሳ ዱላ ይወርዳል። ለጥይት ይሠራ እንደሆነ ግን የሞከረ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ሞላ፤ የተኮሰ ግን የለም። በመጨረሻ ከኮረብታው አንድ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«እናንተንም... ቅዳሜው አላልቅ ብሏችኋል?»

እንዳለው ከምሽጉ ብድግ አለ። «ሰባ ሦስት!» ብሎ ጮኸ።

«ሰባ ሦስት!» አለ ማዶው።

ከኮረብታው ሰባት ሰዎች እጃቸውን ባዶ አድርገው ወረዱ። አንዱ ስጦታው ፊት ቆሞ ጉንጩን ዳሰሰው። «አንተን ስንት ጊዜ ገደልኩህ!» አለና አለቀሰ። ስጦታውም አለቀሰ፤ እሱም ገድሎታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት ሆነ። የግራሩ ጥላ ወደ ምሥራቅ ሲረዝም አሥራ አራቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው አዩት። ጀንበር ስትጠልቅ አይተው የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ወይንእሸት የስጦታውን እጅ ይዛለች።

«ነገ ብረሳህስ?»

«እንደገና እነግርሻለሁ።»

«እንዳይደክምህ።»

«ሰባ ሦስት ጊዜ አልደከመኝም።»

ሳይጨልም ከኪሷ ቆሎ ዘግና ሰጠችውና መንገደኛ መኪና አግኝታ ወደ ሞጣ ሄደች፤ እሱም እንደ ልማዱ ግማሹን ኪሱ ከተተው። እሱ መተኛት ፈርቶ ቆየ፤ በኋላ ግን እንቅልፍ አሸነፈው።

የቀሰቀሰው የእሑድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ሰማዩ ደመና ነበር። እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ቆሎው አለ።

ሞጣ ድረስ በእግሩ ገሰገሰ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትወጣ አያት። ወይንእሸት ቆመች። እንደ ወትሮዋ ቀና ብላ አየችው። ስምህን ማን ልበል እስክትለው ጠበቀ።

«ስጦታው» አለችው፤ «ቆሎዬን ጨረስከው?»