የ«ንጋት» አዘጋጅ አሟሟት

የ«ንጋት» ጋዜጣ አዘጋጅ አንሼል ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ወሬው እንደተሰማ የስደተኞቹ ሰፈር የኋይትቻፔል መንገድ አድማ በመቱት ልብስ ሰፊዎች ተጥለቀለቀ። «አሠሪዎቹ ናቸው ያስገደሉት» ይላል ሰዉ። ድንጋይ የጨበጠም አለ።

ጓድ ዝላታ ተጠራች። በኦዴሳ ሳለች የሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የተሰገሰጉ የፖሊስ ጆሮ ጠቢዎችን ለቅማ ያወጣች ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የአንሼል ማጅራት ተሰብሯል። ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል፤ እጆቹም ከጎኑ ተስተካክለዋል።

«ማን ነካው?»

«ማንም» አለ የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ሌሜል። «ጠዋት በሩን ስከፍት እንዲሁ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ወደ ማምሻው፣ ‹ወደ ሥራ ተመለሱ ብዬ ልጽፍ ነው› አለኝ። ለሰው እንዳልተነፍስ አስምሎኛል።»

የአንሼል ሚስት ፍሬይደል ሳጥን ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሊጽፍ እንደነበር ነግሮሻል?»

«ለእኔ መቼ ይነግረኛል? ያገባው ጋዜጣውን ነው፤ እኔ ቅምጡ ነኝ።»

የአድማው መሪ ሽሜርል በሩ አጠገብ ቆሟል። በዚያው ሳምንት ጨቅላ ልጁን ቀብሯል፤ ሚስቱም በሐዘን ታማ ተኝታለች።

«አንሼልን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» አለችው ዝላታ።

«ከትናንት ወዲያ፣ ስብሰባ ላይ። ምን ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሥራ ግቡ ሊለን ነበር።»

ዝላታ ተነሣች። ሦስቱንም ፊደል መልቀሚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቅጥረኛ ገድሎ ይሮጣል እንጂ ዓይን አይከድንም» አለች። «የገደለው የሚወደው ሰው ነው። ፍሬይደል እስኪነጋ የሽሜርልን ሚስት ስታስታምም ነበር። ሌሜል ገዳይ ቢሆን፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ምስጢር ራሱ ባላወጣልኝ ነበር። ሽሜርል፣ አንሼል ሐሳቡን የቀየረው ትናንት ነው። አንተ ያየኸው ከትናንት ወዲያ ከሆነ፣ ‹ሥራ ግቡ ሊለን ነበር› ያልከው ከማን ሰምተህ ነው?»

ሽሜርል ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ከራሱ» አለ። «ማታ መጥቼ ነበር። ልጄ ወተት አጥታ ነው የሞተችው። ለአድማው ብዬ ቻልኩት። እሱ ደግሞ ‹በቃ፣ ተሸንፈናል› አለኝ። ‹ታዲያ ልጄ ለምን ሞተች?› ብለው አለቀሰ። ከደረጃው ላይ ገፋሁት።»

«ዓይኑንስ?»

«የልጄን እንደከደንኩ ከደንኩት።»

የውጭው ሁካታ እየበረታ ሄደ። እውነቱ ከወጣ አድማው እንደሚፈርስ፣ ከተደበቀ ደግሞ የንጹሕ ሰው ደም እንደሚፈስ ዝላታ ታውቃለች። ሽሜርል ቀና አለ።

«እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ይገነጣጥሉሃል» አለ ሌሜል።

«ይገነጣጥሉኝ።»

ፍሬይደል ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ፊቱን ሳታይ ክንዱን ያዘችው።

«አልማርኩህም» አለችው። «ሚስትህ ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ሬሳ አትቀብርም።»

ክንዱን እንደያዘች በሩን ከፍታ ወደ ሕዝቡ ቀድማው ወጣች።