አርባኛዋ ተማሪ

ወንጌላዊ ኤርጫፎ ከቀኑ ሥራ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የጠዋቱን የስም ጥሪ ነበር። ከሆሳዕና ተልኮ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ቲያርጎል በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ትምህርት ቤት ከከፈተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፀሐይ የሸምበቆውን ጫፍ ስትነካ ደወሉን ይደውላል፤ ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ የእግራቸው ጭቃ ሳይደርቅ በቆርቆሮው ጣራ ሥር በየወንበራቸው ይቀመጣሉ፤ እርሱም ሰማያዊውን መዝገብ ገልጦ ከአብርሃም እስከ ዲቦራ አርባ ስም ይጠራል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለዚህች ብቻ አማርኛ አስለምዷቸዋል። "አለሁ" ይላሉ፣ አንዱ በወፍራም፣ አንዷ በቀጭን ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር።

ስሞቹን ያወጣላቸው እርሱ ነው። ይዘዋቸው የመጡት ስሞች ለአፉ ከብደውት ነበር፤ ለላከው ጉባኤም ይከብዳሉ ብሎ አስቦ ሁሉንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰየማቸው። ሆሳዕና ባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አርባው ስም ተለጥፏል፤ አርባ ቤተሰብም አንዳንድ ልጅ ተከፋፍሎ ይጸልያል። ዲቦራ የደረሰቻቸው እማማ ጡሜ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከሁሉ ረጅሙ የእርሳቸው ነው፤ ልጄ በላች ወይ፣ አደገች ወይ፣ ጉንፋን አይዛትም ወይ እያሉ ይጠይቃሉ።

በክረምቱ መካከል ዲቦራን ትኩሳት ያዛት። ሦስት ቀን፣ ቤታቸው የራቀ ልጆች በሚያድሩበት ክፍል ጥግ ሰሌኗ ላይ ተኝታ፣ በሻካራ ድምፅ ውኃ እየለመነች ሰነበተች። ኤርጫፎ ወላጆች ወረርሽኝ ገባ ብለው ልጆቻቸውን እንዳያስወጡ ፈራ። ለእሑዱ ጉባኤም በጌታ ቸርነት አንድም የታመመ የለም ብሎ አስቀድሞ ልኮ ነበር። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰሌኗን ጠቅልሎ አሸከማትና ወደ ቤትሽ ሂጂ አላት። መንገዱ የአንድ ሰዓት ነው፤ መካከሉ ላይ ጅረት አለው። ሸኚ አልሰጣትም፤ ሸኚ ከተሰጣት ወሬው ይወጣል። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው፤ እርሱ ጠመኔ የሚሰብር መስሎ አቀረቀረ። ከአራት ቀን በኋላ አባቷ ከጅረቱ ዳር፣ ከሸምበቆው ሥር ሞታ አገኛት።

ኤርጫፎ ለልጆቹ ስለ ሰማይ ቤት አስተማራቸውና ስሟን ሳይሰርዝ መዝገቡን ዘጋ። ሞቷን ለጉባኤው ለመጻፍ ዛሬ ነገ ሲል ሳምንት አለፈ። በዚያ ሳምንት ጉባኤው የልጆቹን የስም ጥሪ ድምፅ በስልክ ቀርጾ እንዲልክ ጠየቀው። ከዲቦራ አጠገብ ትቀመጥ የነበረችውን ሩትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ዲቦራ ሲባል አንቺ መልሺላት አላት። ሩት የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ጣቷን እያፍተለተለች ውሸት ኃጢአት ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም ወይ ብላ ጠየቀችው። ኤርጫፎ ይህ ውሸት ሳይሆን መታሰቢያ ነው አላት። ይህን ሲል ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ቢሆንም ቃሉን አላነሳም። ቀረጻው ከተላከ በኋላም ዲቦራን መጥራቱን ስላልተወ፣ ሩት በየጠዋቱ ሁለት ጊዜ "አለሁ" ትል ጀመር፤ አንዱን ጮክ ብላ፣ አንዱን ወደ መሬት።

አንድ ሰኞ ሩት ታመመች፤ እናቷ በታንኳ መጥታ ወሰደቻት። ኤርጫፎ በማግስቱ የሩትን ስም ዘልሎ ጥሪውን ቀጠለ፤ አፉ ለምዶበት ኖሮ ዲቦራንም ጠራ።

"አለሁ።"

ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ነበር፤ ከንፈሩ ለደረቀ ሰው ቃል እንደሚከብደው ይከብዳል። ኤርጫፎ ዓይኑን ከመዝገቡ አላነሳም። የጣራው ቆርቆሮ በፀሐይ እየሞቀ ጠጠር እንደወደቀበት ቋ ቋ ይላል፤ ከወንዙ በኩል የደለልና የበሰበሰ ሸምበቆ ሽታ መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ልጆቹ አንዳቸውም አልሳቁም። እስክርቢቶውን አንሥቶ ከስሟ ፊት የመገኘት ምልክት አደረገ፤ እጁ ይህን ያደረገው ሳያዘው ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድም ጠዋት አልቀረችም። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በወንበሮቹ መካከል እየተራመደ ጠራ፤ ቅርብ ነበረች። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ጠራ፤ ያው ቅርብ ናት፣ የምትከተለው እስኪመስለው። አንድ ቀን ደፍሮ ስሟን ዘለለና መዝገቡን ከደነ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ዝንብ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይጠራት "አለሁ" አለች። የፊት ወንበር ልጆች በማግስቱ ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ከጠረጴዛው አራቁ። ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ብርሃን ፍለጋ ነው አሉት፤ እርሱ ግን እንደሚያፍሩበት ገባው፤ የሠራውን የሚያውቁ መሰለው፤ ፊታቸውን ማየት ተወ።

ምግብም አልስማማው አለ። የበላው ሁሉ ደለል ደለል ይለዋል፤ ከጥሪው በኋላ ውኃ ቢጠጣ፣ ቢጠጣ ጉሮሮው አይርስም። ሩት ድና ስትመለስ እፎይ አለና እንደ ቀድሞው እንድትመልስ ነገራት።

"ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግም፣ መምህር" አለችው ወደ ኋላ እየሸሸች። "እየተመለሰላት ነው።"

በዚያው ሰሞን ከትምህርት በኋላ የዲቦራ አባት ቾል መጣ። ዓሣ ሲሸጥ ከጋምቤላ ገበያ የለቀማት አማርኛ ነበረችው። ወንበር ቢቀርብለት አልተቀመጠም፤ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም።

"መምህር፣ እኛ ልጃችንን ኛዴንግን ሸኝተናታል" አለ። "በእኛ ቤት የሞተን ሰው በስሙ ጠርተን ሂድ እንለዋለን፤ ይሄዳል። ዲቦራን ግን እኛ አናውቃትም፤ ያወጣሃት አንተ ነህ። ና፣ ጅረቱ ዳር ቁም። ያደረግኸውን በሰው ፊት ተናገርና ልቀቃት።"

ኤርጫፎን "በሰው ፊት" የሚለው ቃል አንገቱን አስደፋው። ከሆሳዕና እንግዳ በዚህ ሳምንት ይመጣሉ፣ እርሳቸው ይሂዱና እመጣለሁ አለ።

"እስከዚያ የት ትሁን?" አለ ቾል። የወንጌላዊውን ከንፈር አየ። "ልጅቱ ሌላ ቤት የላትም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤርጫፎ መጸለይ አቃተው። ሲንበረከክ የሚመጣለት በሩ ላይ ዞር ያለችው ልጅ ፊት ብቻ ነበር። እንግዳው ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ቆረጠ፤ እናገራለሁ አለ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ይዘጋ፣ ስሜ በመድረክ ላይ በክፉ ቢነሣ ይነሣ፤ ስሟ ሲጠራ ተነሥቼ በሁሉም ፊት እውነቱን እናገራለሁ፣ ከዚያ ወደ ጅረቱ እሄዳለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለለው።

ሐሙስ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ደልቦ ከጀልባ ወረዱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል፤ ዮናስ እንኳ ከዚህ በተሻለ መጓጓዣ ነው የመጣው ብለው ቀለዱ። አቅፈው ሳሙት፤ ከስቻለሁ እንዳትለኝ፣ መልካም እረኛ እንደሚከሳ አውቃለሁ አሉት። ከእማማ ጡሜ ለዲቦራ የተላከ ቢጫ ሹራብም በብብታቸው ይዘው ነበር። ኤርጫፎ ሹራቡን አይቶ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ ጋሽ ደልቦ ግን ቀድመውት ወደ ክፍሉ ገብተዋል።

ሽማግሌው ልጆቹን በየስማቸው ልተዋወቃቸው ብለው መዝገቡን ራሳቸው ያዙ። ኤርጫፎ በሩ አጠገብ፣ ለእንግዳው ቦታ ለቆ ቆመ። ከአብርሃም ተጀመረ። እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ "አለሁ" ይላል፤ ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ ይሉለታል። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። የወንዙ ሽታ ከኤርጫፎ በስተኋላ ሳይሆን ከደረቱ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሠላሳ ስምንት። ሊናገረው ያለውን በልቡ ደጋገመ፦ ሞታለች፣ እኔ ነኝ ብቻዋን የላክኋት። ሩት ተነሥታ መለሰችና ተቀመጠች።

"ዲቦራ" አሉ ጋሽ ደልቦ።

ኤርጫፎ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደና እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

"አለሁ" የሚለው ቀጭን፣ ሻካራ፣ ትኩሳት ያደከመው ድምፅ ተሰማ፤ ጋሽ ደልቦ ቢጫውን ሹራብ እየዘረጉ ልጅቱን በወንበሮቹ መካከል ይፈልጉ ጀመር፤ ሠላሳ ዘጠኙ ልጆች ግን፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ አንዳችም ሳይደነግጡ ዞረው የወንጌላዊውን አፍ ተመለከቱ።