የሊማሊሞው ቪዲዮ

አስጎብኚው ሚናስ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሞቶ ከተገኘ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ደባርቅ ላይ ለሰው ስልክ ፊልም እየጫነች የምትኖረው ውቢት ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሚናስ ስልኩን ቁጥቋጦ ላይ አስደግፎ ራሱን ሲቀርጽ ነበር፤ ገዳዩም ስልኩን አላስተዋለም። ቪዲዮው ላይ ሟቹ «ዋልያውን መግደልህን ለፓርኩ እናገራለሁ» ሲል ይሰማል። የሚመልስለት ሰው አይታይም፤ ድምፁንም ነፋስ ውጦታል። ሚናስ በሞተበት ጠዋት ወደ ሊማሊሞ የወረዱት፣ በተለያየ ሰዓት፣ ወንድሟ ገዱና እጮኛዋ አንዱዓለም ብቻ ናቸው። ገዱ ከሚናስ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ከተማው በየበረንዳው ፈርዶበት ጨርሷል። ውቢት ግን ከሁለቱ ማንን እንደምትጠረጥር ጨንቋታል።

ኢንስፔክተር ሰጠኝ ሦስቱንም በእሷው ሱቅ ሰበሰባቸው። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቪዲዮውን በየስልካቸው ልኮ፣ በየክፍሉ ለየብቻ እንዲያዩት አድርጓል። ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ አልተነጋገሩም።

«ገዱ፣ ምን አየህ?»

«ሚናስን ነዋ፣ ጌታዬ! ድምፁን አልለየሁትም። በኪዳነምሕረት፣ የእኔ አይደለም!» እየማለ ወደ በሩ አፈገፈገ። ውቢት ክው አለች፤ ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል?

«አንተስ?»

«እኔም አይቻለሁ» አለ አንዱዓለም ረጋ ብሎ። «ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጥ አንጀቴን በላው።»

ውቢት እፎይ ብላ የእጮኛዋን እጅ ያዘች።

ኢንስፔክተሩ የአንዱዓለምን አሮጌ ስልክ ተቀብሎ አገላበጠና ወደ እሷ ዞረ።

«አዳዲስ ፊልም እንዴት ነው የምትጭኚለት?»

«መጀመሪያ ወደ ድሮው ፎርማት እቀይርለታለሁ። ካልቀየርኩት ስልኩ...» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። የአንዱዓለም እጅ ጣቶቿን ጨመቃቸው።

«ካልቀየርሽውስ?»

ወንድሟን አየችው።

«ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው። ምስሉ ጥቁር ይሆናል።»

«የሚናስ ስልክ አዲስ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ፋይሉ እንዲያንስ ምስሉን ኮዴክ በሚሉት አዲስ የመጨመቂያ ዘዴ ይጨምቀዋል። የአንቺና የገዱ ስልክ ያንን ይፈታል፤ ይህ አይፈታም።» ቪዲዮውን ከፈተው። የነፋሱ ጩኸት ሱቁን ሞላው፤ የስልኩ መስታወት ላይ ግን ጥላ እንኳ የለም። «ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶታል፤ ሬሳው ጋ አላገኘነውም። ሲያወልቀው የሚታየው ቪዲዮው ላይ ነው፤ ስለዚህ ያየ ሰው ወይ ቪዲዮውን አይቷል፣ ወይ እዚያው ቆሞ ነበር። አንተ ቪዲዮውን አላየህም፣ አንዱዓለም። ምስሉ እምቢ ሲልህ አላየሁም ማለት አስፈራህና የምታውቀውን ሞላህበት።»

አንዱዓለም ወደ ውቢት ዞረ።

«ውቢቴ፣ ዋልያውን ተናግሮብኝ፣ ታስሬ አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

«ገዱ በአንተ ፈንታ ቢታሰርስ ኖሮ?»

ውቢት ያን ጊዜ ጣቶቿን ከእጁ አላቀቀች።