ጥፋቱ የቴፑ ነው

ሐኪሙ አንገቴን በሁለት እጁ ሲዳብስ ቆይቶ ለኅዳር አምስት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ጻፈልኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «አንድ ነገር ብቻ አትርሺ» አለኝ። «ድምፅሽ ከሻከረ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቀጠሮውን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ነይ።»

ይህን የድምፁን ማስጠንቀቂያ ለማንም አልተናገርኩም። ክፉ ነገር ስሙን ሲጠሩት ይመጣል ይባላል። አማኝ ነኝ እያልኩ እንዲህ ያለውን ወሬ ስነቅፍ የኖርኩ ሰው በራሴ ሲደርስ አፌን ቆልፌ ዞርኩ።

እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። እናቴ ይዛው ኖራ ይዛው ሞታለች። የእኔን ግን ሐኪሙ አልወደደውም፤ በአንድ ወገን ጠጥሯል አለ። እኔ ደግሞ በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ብቻዬን ቆሜ የምዘምር ሰው ነኝ። አባይነሽ አስተማሪዋ ቢባል ሶዶ ውስጥ ብዙ ሰው አያውቀኝም፤ ዘማሪዋ ሲባል ግን ገበያተኛው ሁሉ ያውቀኛል። ቢላዋ በጉሮሮዬ አጠገብ ከማለፉ በፊት ድምፄን አስቀርቼ ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ።

መንግሥት ከተለወጠ አራተኛው ዓመት ነበር። በመስቀል ሳምንት ወደ ገብረመስቀል ሱቅ ገባሁ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቁን ከፈቱ፤ እሱ እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ወላይትኛውን እንደ እኛው ይናገራል።

«ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ኅዳር አምስት አንገቴን ኦፕራሲዮን እሆናለሁ፤ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ።»

ካቻቢቴውን ከጥርሱ መሐል አወጣ። «የካሴት?»

«ካሴቱንማ አየሁት። የኳየራችንን ሰምቼው ጣሳ ውስጥ የገባች ትንኝ መስያለሁ።»

ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። «እንግዲያው ባለ ትልልቅ ጥቅሉ ነው የሚሻልሽ፣ ቲቸር። ክሩ ሰፊ ነው፣ ፈጠን ብሎ ይሄዳል፣ ድምፅን እንዳለ ይይዛል። አዲስ ግን የለም። አሮጌ መርጦ መግዛት ነው።»

«እንዴት ይመረጣል?»

አስተማረኝ። ክሩን የምትነካዋን ትንሽ ብረት አሳየኝ፤ ሄድ ይሏታል። እሷ ከተበላች ቴፑ አለቀለት ማለት ነው። ሞተሩ የሚያዞረውን የላስቲክ ቺንጋም በጣቱ እየጎተተ አሳየኝ። «ዋናው ግን ይሄ ነው» አለ። «አንድ ረጅም ድምፅ፣ ሳያነሱ ሳይጥሉ፣ ቀድቶ መልሶ መስማት። ያረጀ ቴፕ በመዝሙር ውስጥ ይደበቃል፤ በቀጥ ያለ ድምፅ ውስጥ መደበቂያ የለውም።»

መደርደሪያው ላይ አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ቴፕ ነበረው። አቧራውን ጠርጎ ማይኩን ሰጠኝ። «እስኪ ‹አ› በይ። በቃ እስክልሽ አታቁሚ።»

«አ» አልኩ። ክሩን መልሶ አጫወተው። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣና መሐል ላይ አሸዋ የሮጠበት መሰለ። ገብሬ አቆመው፣ እንደገና አጫወተው። አሸዋው አሁንም እዚያው ነው።

«ሄዱ ተበልቷል» አለ። «ጥፋቱ የቴፑ ነው።»

ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያን ያህል መደሰቴ ያስፈራኛል።

ሁለተኛውን ያገኘነው ሻንቶ፣ ባዳቾ የሚባል ነጋዴ ቤት ነው። ቅዳሜ በኢሱዙ ጋቢና ተሳፍረን ሄድን። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጉልበታችን ተነካክቶ ነበር፤ ሁለታችንም እንዳላወቅን ሆነን መንገዱን እናያለን። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ቀን ቴፑ ባይገኝም ግድ አልነበረኝም።

ባዳቾ ቴፑን ከከረጢት ውስጥ እያወጣ፣ «ለሠርጋችሁ ነው?» አለን። ገብሬ ጆሮው ቀላ።

«አ» አልኩ። አሸዋው ይህን ጊዜ ቀደም ብሎ ጀመረ። ገብሬ ክዳኑን ፈታ፣ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ሄዱን ጠረገ። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። ጥጡን በመዳፉ ጨብጦ ኪሱ ከተተው።

«ቺንጋው ላልቷል» አለ። «ጥፋቱ የቴፑ ነው።»

ስንመለስ በቆሎም ጨዋታም የለም። አንዴ ቀና ስል አንገቴን ሲያይ ያዝኩት። ፊቱን ቶሎ ወደ መስኮቱ መለሰ። ወንድ ልጅ አንገት ቢያይ ምን ይገርማል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አባቴ ይህን ጉዞ ሳምንት ሳይሞላ ሰማ። አባቴ አንጁሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከመቆጣት መጠየቅ ይወዳል። «አባይነሽ» አለኝ፣ «ያ ልጅ ኦርቶዶክስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲጾም አንቺ ለብቻሽ ወተት ልትጠጪ ነው?» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። እንቅርቱ የእውነት ነውና ተረቱን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ስዘምር ድምፄ ተሰበረ። ጉንፋን ነው አልኩ። ሰውም ጉንፋን ነው አለ። ውስጤ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር፤ ዝም በል አልኩት።

ማክሰኞ ገብሬ ሦስተኛውን ቴፕ አመጣ። ዱቦ በኩል አንድ ጡረተኛ አስተማሪ በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሩት ነበር። አዲስ ሊባል ምንም አልቀረውም። ውጭ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይወርዳል። ወንበር ሳበልኝ፣ ክሩን አጠመደ፣ ዓይኔን ግን አላየም።

«አ» አልኩ። ሲመለስ አሸዋው ከመጀመሪያው አንስቶ እስከ መጨረሻው ነበር።

«ቴፑ…» አለና አልጨረሰውም። ቁልፉን ወደ መቅጃው መልሶ ክሩ ላይ አፈጠጠ። «ቦዲቲ ሌላ አለ ይባላል። ቀጠሮሽን ብታዘዋውሪውስ? እስከዚያ ደህና እፈልግልሻለሁ።»

ላዘዋውረው ነበር። ከአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን እንዲስቅልኝ ፈለግኩና የደበቅኩትን እንደ ቀልድ አወጣሁት። «ደግነቱ የሚሻክረው ቴፑ ነው። ሐኪሙማ ድምፅሽ ከሻከረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሩጪ ብሎኛል።»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«መስከረም ላይ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ማይኩን አንስቼ ወደ እሱ ገፋሁት። «አንተ ‹አ› በል።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ…»

«በል።»

አለ። ፍየል እንኳ ከዚያ የተሻለ ታዜማለች። ክሩን መልሶ አጫወተው። የገብሬ ድምፅ ጠማማ ሆኖ፣ ወጥቶና ወርዶ፣ ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አንዲት ፍሬ አሸዋ አልነበረችበትም። ድምፁ ሲያልቅ ሊያቆመው ብሎ ቁልፉን ተሳስቶ እንደገና መቅጃው ላይ ጣለው። ክሩ ባዶውን መዞር ቀጠለ።

«ከሻንቶ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለኝ። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ደግሞ… ደህና ቴፕ ከተገኘ ቀድተሽ ትሄጃለሽ። ወደዚህ ሱቅ የምትመጪበት ምክንያት አይኖርሽም።»

ልመታው ፈለግኩ። ላቅፈውም ፈለግኩ። ወደድከኝ ወይስ ገደልከኝ ልለው ነበር። ሁለቱንም ትቼ፣ «ገብሬ፣ ነገ ሆስፒታል ትወስደኛለህ?» አልኩት።

«ነገ አይደለም» አለ። «አሁን ነው የምንሄደው።» ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ሱቁን ሳይቆልፍ ወጣን።

ጠጣሩ እባጭ ወጣ፤ እኔም ተረፍኩ። ድምፄን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ግን አስቀድሞ በልቶት ነበር። ስነቃ የምናገረው በሹክሹክታ ነበር፤ ዛሬም በሹክሹክታ ነው። ልጆች የማስተምረው እያጨበጨብኩና ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። እሱ የሰማውን ደበቀኝ፣ እኔ የተነገረኝን ደበቅኩት። ከሁለታችን አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ ስድስት ሳምንት በእጃችን ነበር።

ሦስት ወር አላናገርኩትም። ገብሬ ግን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ውጭ ይቆም ነበር። አይገባም፣ አይሄድም። አንድ ዝናባማ ቀን አባቴ ከስብከቱ መሐል ተነስቶ ወጣና ጃንጥላውን ዘረጋለት። ቤት ሲመለስ፣ «ጾሙንም እንዳቅማችን እንቻለው» አለኝ። ተጋባን።

ያ ክር እስካሁን አለ። ተቻኩለን ስንወጣ ቴፑ እየቀዳ ነበር። መዝሙር የለበትም። ዝናብ አለ፣ የእሱ «ደግሞ…» አለ፣ «ነገ ሆስፒታል ትወስደኛለህ?» የምትል አንዲት ሴት አለች። ሻካራ ናት፣ ግን ሙሉ ድምፅ አላት። ከእኔ የቀረው ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ሐኪሙ በየዓመቱ ያየኛል፤ ገብሬ ግን በየቀኑ። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት «‹አ› በይ» ይለኛል። ሹክሹክታዬን ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማና ያለውን ይነግረኛል። «ዛሬ ደርቋል፣ ውኃ ጠጪ።» «ዛሬ ጉንፋን አለብሽ።» አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረናል፤ አንድም ቀን አልዋሸኝም።

ትናንት ጠዋትም «‹አ› በይ» አለኝ። አልኩ። ጆሮውን ሳያነሳ ቆየ። «እንደገና» አለ። እንደገና አልኩ።

«ገብሬ» አልኩት፣ «እስኪ ጥፋቱ የቴፑ ነው በለኝ።»

አልሳቀም። ተነስቶ ሹራቤን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።