የተፋቀው ቀለም

«ስለካ የበረንዳው መደገፊያ አንድም ዝገት አልነበረበትም። መለኪያዬም ከዜሮ ብዙ አልራቀም፤ አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ደህና ነበር» ይላል በረንዳው ከመውደቁ በፊት ዝገቱን ሊለካ የመጣው ባለሙያ፣ የለኪው ቃል።

«እሱ ሲለካ የነበረው አሮጌው መደገፊያ ነው። ዝገቱን ዐይኑ እያየ አለፈው። አዲሱን የተከልኩት እሱ ከሄደ በኋላ፣ ‹ደህና ነው› ያለውን አምኜ ነው» ይላል የበያጁ ቃል።

ሽማግሌው መርማሪ ሁለቱንም በዝግታ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው የበያጁ ሚስት ናት። የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ተገንጥሎ ሲወድቅ አብሮ ወድቆ የሞተው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። የአበባ ማሰሮዎቹን ከፀሐይ እንዲያነሳላት ወደ በረንዳው የላከችው እሷ ነበረች።

«እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል» አሉ መርማሪው። «መደገፊያው መቼ ተቀየረ፣ ልጄ? ለኪው ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«አላስታውስም።»

«የራስሽ በረንዳ አይደል?»

«ቤት ውስጥ ስንቱ ይታወሳል፣ አባባ።»

አልተጫኗትም። ዐይናቸው ግን ቤቱን ዞረ። መደርደሪያው ተወልውሏል፤ ብርጭቆው ያበራል፤ ወለሉ ብቻ አቧራ ተኝቶበታል። መጥረጊያው በሩ ኋላ እንደተገተረ ነው። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እጇ ወደ እሱ አልዘረጋ ብሏት ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ለኪውን ፍርስራሹ ዘንድ አስጠሩት። እሷም ወርዳ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል። የሰፈሩ ሰው ለኪውን «የግድግዳ ሐኪም» እያለ ይቀልድበታል፤ አርማታ ላይ ተደፍቶ ሲያዳምጥ ስለሚውል። ዛሬ የሚቀልድበት አልነበረም።

«እስቲ እንደ ሕፃን አስረዳኝ» አሉት።

«አንደኛውን ሽቦ ከፌሮው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ እቆነጥጣለሁ። በሌላው ጫፍ ያለውን እርጥብ ስፖንጅ አርማታው ላይ አስቀምጣለሁ። ዝገት ካለ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ይርቃል፤ ከሌለ ዜሮ አካባቢ ይቆያል።»

«ፌሮው ተቀብሮ የለ? በምን ትይዘዋለህ?»

«ቤቱ ሲሠራ የመደገፊያው እግር ከፌሮው ጋር ተበይዷል። አርማታውን ከምቦረቡር ብዬ እሱን ያዝኩ።»

«በቀለሙ ላይ?»

«ቀለም አያስተላልፍም። ብረቱ እስኪያበራ በሞረድ ፍቄ ነው።»

«ሌላ ቦታ ይዘህ አላመሳከርክም?»

ለኪው አንገቱን ደፋ። «ነበረብኝ። በያጁ አጠገቤ ቆሞ ሽቦውን ይዞልኝ ነበር። ‹ብረት ያው ብረት ነው፣ ምን ታደክማለህ› አለኝ፤ ሳቅኩና ተውኩት።»

መርማሪው ጎንበስ ብለው ከፍርስራሹ አንድ አረንጓዴ የመደገፊያ እግር አነሱ። በአውራ ጣታቸው አሻሹት፣ ለራሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በያጁ የብየዳ ቤት ጓሮ አቀኑ።

በማግስቱ ሁሉንም በእናቷ ሳሎን ሰበሰቡ፤ እናቷን፣ ባሏን፣ ለኪውንና እሷን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አረንጓዴ ብረቶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

«ይህ አሮጌው ነው፤ ከጓሮ ያገኘሁት። ቀለሙን እዩት፣ አንድም የሞረድ ጭረት የለበትም። ይህ ደግሞ አዲሱ፣ ከልጅዎ ጋር የወደቀው። እዚህ ጋ ተፍቋል፤ የመቆንጠጫው ጥርስም አርፎበታል። ታዲያ ለኪው የያዘው የትኛውን ነው?»

«አዲሱን» አሉ እናቷ ቀስ ብለው።

«ስለዚህ ሲለካ አዲሱ ተተክሎ ነበር። አሁን ደግሞ እግሩን እዩ። ዙሪያውን በወፍራም ማጣበቂያ ተጀቡኗል፤ ከፌሮው ጋር አልተነካካም። ሽቦው ምንም ስላልያዘ መለኪያው ዜሮ ላይ ቀረ። ሐኪማችን ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት አዳምጦ ‹ልቡ ደህና ነው› አለ።»

ለኪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መርማሪው ወደ ባሏ ዞሩ። «በያጅ የሆነ ሰው ብረቱን በማጣበቂያ የሚተክለው መቼ ነው? የሚበይድበት ብረት ሲያጣ ነው። ሥሩ መበስበሱን አይተሃል። አይተህም ሽቦውን ይዘህ ዝም አልክ።»

«አላየሁም፣ አባባ። አሮጌውን የቆረጥኩት ከወለሉ በላይ ነው። ውስጡን አይቼ እንደሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው። ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል፤ መሳሳት ወንጀል ነው?»

መርማሪው ተነፈሱ። «ውሸትህን ብረቱ አጋልጦታል። ሥሩ ግን ተፈጭቶ ከፍርስራሹ ጋር ተደባልቋል። ምን እንዳየህ ብረት አይመሰክርልኝም።»

ባሏ ያን ጊዜ ወደ እሷ አየ። ክፉ ዐይን አልነበረም፤ የሚለምን ዐይን ነበር። እናቷም አዩዋት። እሷ የምታየው እጆቿን ነበር።

«ጠርጌዋለሁ» አለች።

«ምኑን?» አሉ እናቷ።

«እሱ ከበረንዳው ወለል ፈልፍሎ ያወጣውን ዝገት። እንደ ዛፍ ቅርፊት የተላጠ፣ ቀይ። በመጥረጊያ ሰብስቤ የደፋሁት እኔ ነኝ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ፤ ካወቁ ቤቱን ልቀቁ ይሉናል፣ ቀስ ብዬ እኔው አጠነክረዋለሁ› አለኝ፤ እሺ አልኩ። ኋላ ለኪው ‹ደህና ነው› ሲል ደስ አለኝ። አምኜው አይደለም፤ ላምነው ፈልጌ ነው። ከዚያ ጋሼን ሄደህ ማሰሮውን አንሳልኝ አልኩት።»

«ተይ» አለ ባሏ ድምፁ ተሰብሮ። «የልጆችሽ አባት ነኝ።»

«ነህ። እሱም ወንድሜ ነበር።» ወደ መርማሪው ዞረች። «አባባ፣ ‹አላስታውስም› ያልኩትን ይሰርዙልኝ። ፍርድ ቤት ቆሜ እመሰክራለሁ። በእሱም፣ በራሴም።»